ታንኳውን የሠራው ማን ነው? የአፍሮ-ላቲን ሕዝቦች ኪነትና የጣና ዳር ጥያቄ

ባሕር ዳርን በሥዕል ሊያስተዋውቅ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚስለው ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ በጣና ላይ፣ ከበስተኋላው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከላዩ አንድ ቀዛፊ እንደ ጥላ ጠቁሮ ይታያል። ይህ ሥዕል በቀን መቁጠሪያ፣ በፖስት ካርድ፣ በሆቴል ግድግዳና በመድረክ መጋረጃ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ኖሯል። ቅርጹ ያማረ ስለ ሆነ ሠዓሊው ታንኳውን በመውደዱ አይወቀስም። ሆኖም ሥዕሉ በበዛ መጠን እየተረሳ የሄደ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ታንኳውን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው። በሥዕሉ ውስጥ ሐይቁ ቀለም አለው፣ ሰማዩ ቀለም አለው፣ ታንኳው ነዶ በነዶ ተለይቶ ይታያል። ሰውየው ግን ፊት የለውም።

ይህ ጥያቄ ለጣና ዳር አዲስ ቢመስልም በሌላው የዓለም ክፍል ብዙ የተጻፈበትና ብዙ የተዘፈነበት ነው። በስፓኝኛና በፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎቹ የአሜሪካ አገሮች የሚኖሩ የአፍሪካ ተወላጆች፣ ማለትም አፍሮ-ላቲን እየተባሉ የሚጠሩት ሕዝቦች፣ ዓለም የሚጨፍርበትን ምት አበርክተው ስማቸው ከምቱ ላይ ተፍቆ የኖሩ ናቸው። ከበሮው ሲወደድ ባለ ከበሮው ተናቀ። የእነርሱ ታሪክ ለኢትዮጵያ ኪነት የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ ከጣና ደንገል ጋርም ቢሆን አንድ ወቅት በባሕር ላይ ተገናኝቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደንገሉ መንገድ

በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ አሳሽ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር በተግባር ለማሳየት ተነሣ። ለመርከቡ የሚሆነው ደንገል የተቆረጠው ከጣና ሐይቅ ነበር። ነዶው ወደ ግብፅ ተጓጓዘና ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች በፒራሚዶቹ አጠገብ አስረው መርከብ አደረጉት፤ ስሙም «ራ» ተባለ። ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ የተነሣው መርከብ ባርባዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ውኃ ከበደውና ተፈታታ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1970፣ ከቦሊቪያው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ባለሙያዎች ሁለተኛውን «ራ» ሠሩ። እርሱም በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ።

ይህ ጉዞ በተወሳ ቁጥር የመሪው ስም ይነሣል፤ ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡት መርከበኞችም ይወሳሉ። በጣና ዳር ደንገል መምረጥን፣ ማጨድንና ማድረቅን ከአባቱ የወረሰው ሰው ግን ከታሪኩ ጫፍ ላይ እንኳ እምብዛም ቦታ የለውም። ደንገሉ ዓለምን ሲያስደንቅ ባለ ደንገሉ እዚያው ሐይቁ ዳር ቀረ።

ደንገሉ የተንሳፈፈበት ባሕር ደግሞ ከዚያ በፊት ሌላ ጭነት ያለፈበት ነው። ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው በአትላንቲክ ላይ ተጭነዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት የብስ ሳያዩ በመርከብ ላይ አልቀዋል። ከተረፉት መካከል አምስት ሚሊዮን የሚጠጋው ሕዝብ ብራዚል ሲወርድ፣ ከሰባት መቶ ሺህ በላይ የሆነው ኩባ ወርዷል። ኩባ ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1886፣ ብራዚል ደግሞ በ1888 ነው። እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው ሲነጠቁ ዕቃ ይዘው አልሄዱም። ከበሮ፣ ጭምብል፣ ሽመና፣ መጽሐፍ አልተከተላቸውም። ተሻግሮ የሄደው በእጅና በጆሮ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። የአፍሮ-ላቲን ኪነት መሠረቱ ይህ ነው፤ ዕቃው ሲቀር እጁ አስታወሰ፤ እጁም ዕቃውን እንደ ገና ሠራው።

ከበሮ ሲታጣ ሣጥን

በኩባ ከተሞች ባሮችና ነጻ የወጡ ጥቁሮች እንደ ትውልድ አገራቸው እየተሰባሰቡ የሚረዳዱባቸው «ካቢልዶ» የሚባሉ ማኅበራት ነበሯቸው። የዮሩባ ተወላጆች ባታ የተባሉትን ሦስት ባለ ሁለት ፊት ከበሮዎች የጠበቁት በእንዲህ ያለው መሰባሰብና በአምልኳቸው ውስጥ ነው። ከሦስቱ ትልቁ «ኢያ» ይባላል፤ ትርጉሙም እናት ማለት ነው። እናቲቱ ትመራለች፣ ታናናሾቹ ይከተላሉ፣ ይመልሳሉም። እንዲህ ያለው ምት ለብዙ ዘመን ከሠለጠነው ሰው ጆሮ የራቀ፣ የወንጀለኛና የጠንቋይ ጩኸት ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው የኩባው ሊቅ የፈርናንዶ ኦርቲዝ የሕይወት ጉዞ ነው። ኦርቲዝ በ1906 ባሳተመው የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው የጥቁር ኩባውያንን እምነት ከወንጀል ጥናት ጋር አያይዞ ተመለከተው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ ያው ሰው የባታ ከበሮዎችን ከአምልኮ ቦታቸው አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሃቫና በሕዝብ ፊት አሰማ። ከበሮው በሠላሳ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው ጆሮ ነው። በመካከሉ፣ በ1930፣ ገጣሚው ኒኮላስ ጊዬን «ሞቲቮስ ዴ ሶን» በተባለው የግጥም ስብስቡ የሃቫናን ጥቁር ሕዝብ አነጋገርና «ሶን» የተባለውን የዘፈን ስልት ወደ ጽሑፍ ግጥም አስገብቶ ነበር። የሊቁ ጆሮ የተከፈተው ገጣሚውና ባለ ከበሮው ደጁን ደጋግመው ካንኳኩ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

የሩምባ ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። ሩምባ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት በሃቫናና በማታንዛስ፣ በወደብ ጫኝና አውራጅ ሠራተኞችና በድሆች ሰፈር ነው። ከበሮ ባልተገኘበት ወይም በተከለከለበት ጊዜ የዓሣና የሻማ ማሸጊያ ሣጥን ይመታ ነበር። በፔሩም የአፍሪካ ተወላጆች ሣጥኑን ራሱን «ካሆን» የተባለ መሣሪያ አደረጉት። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ምሳሌ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ታዋቂው የስፔን ጊታር ተጫዋች ፓኮ ዴ ሉሲያ በሊማ ካሆንን አየ፣ ወደደው፣ ወደ ፍላሜንኮ ሙዚቃ አስገባው። መሣሪያው ከፍላሜንኮ ጋር በመላው ዓለም ከመዛመቱ የተነሣ ብዙ ሰው ካሆንን ስፔናዊ ነው ብሎ ያምን ጀመር። ፔሩ መሣሪያውን የብሔራዊ ቅርሷ አካል አድርጋ በይፋ ያወጀችው በ2001 ነው። ጊታር ተጫዋቹ መሣሪያውን አልሰረቀም፤ ከማን እንደ ተቀበለውም አልደበቀም። ስሙን የጣለው መንገዱ ነው። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስም ካልታሰረበት በመንገድ ላይ መውደቁ አይቀርም።

የማምቦም ነገር ከዚህ አይርቅም። ማምቦን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ የሆነው ዓይነ ስውሩ አርሴኒዮ ሮድሪጌዝ፣ ከኮንጎ በባርነት ከመጡ ሰዎች የተወለደ ሙዚቀኛ፣ ኮንጋ ከበሮን በሶን ቡድን ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ካደረጉት መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀስ ነው። ማምቦ በ1950ዎቹ የዓለምን ጭፈራ ቤቶች ሲሞላ እርሱ ግን በ1970 በሎስ አንጀለስ ከተማ ዝናው ደብዝዞ አረፈ። ጭፈራው በዓለም ዙሪያ «ላቲን» ተባለ። «አፍሮ» የሚለው ቃል እንደ ትርፍ ነገር ተቆርጦ ወደቀ።

የሙላቱ ርእስ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎችና ጭፈራ ቤቶች ሩምባ፣ ማምቦና ቻቻቻ የታወቁ ነበሩ። ጨፋሪው እግሩን አሳምሮ ያነሣ ነበር፤ የሚጨፍርበት ምት በባርነት ባሕር ከተሻገሩ አፍሪካውያን የመጣ መሆኑን ግን እምብዛም አይነገረውም ነበር። ምቱ ከአፍሪካ ወጥቶ ወደ አፍሪካ ሲመለስ የፈረንጅ ልብስ ለብሶ ገባ።

እንዲህ ባለው ዘመን በ1966 በኒውዮርክ የወጡት ሁለት ሸክላዎች ልዩ ትርጉም አላቸው። በጅማ ተወልዶ በእንግሊዝና በቦስተን ሙዚቃ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ «የኢትዮጵያ ክዊንቴት» ካለው ቡድኑ ጋር ሠርቶ ያወጣቸው እነዚህ ሸክላዎች ርእሳቸው «አፍሮ-ላቲን ሶል» ነው። ሌላው የጣለውን ቃል ሙላቱ አንሥቶ በሽፋኑ ላይ ጻፈው። የሥራው ዋጋ የሚጀምረውም ከዚሁ ከርእሱ ነው። ከማን እንደ ተቀበለ ተናግሮ ከዚያ በኋላ የራሱን ጨመረ።

የጨመረው ምንድን ነው ቢባል፣ ከሥራዎቹ አንዱ ራሱ ይመልሳል። «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» የተባለው ጥንታዊ የፉከራ ዜማ በዚያ ሸክላ ላይ በስፓኝኛ ይዘፈናል። የኢትዮጵያ ጀግና ስሜት በኩባና በፖርቶ ሪኮ ከበሮ ላይ ተቀምጦ በስፓኝ ቋንቋ ሲፎክር መስማት መጀመሪያ ፈገግ ያሰኛል፤ ቆየት ሲባል ግን ያሳስባል። ያ ቋንቋ በአንድ ወቅት አፍሪካዊው በዱላ የተማረው ቋንቋ ነበር። በሙላቱ ሥራ ውስጥ ባርነትን ያልቀመሰ የፉከራ ዜማ ሲሸከም ይሰማል።

ሥራው ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በ1966ቱ ሸክላዎች ላይ አንዳንዱ ክፍል ከርእሱ በቀር ኢትዮጵያዊ የሚያሰኘው ነገር ጥቂት ነው። «ፕሌይቦይ ቻቻ»ን የመሰለው ሥራ በዘመኑ በኒውዮርክ ጭፈራ ቤት ከሚሰማው ብዙ አይለይም። ምቱ ተዘጋጅቶ የቆየ ቤት ነው፤ ዜማው እንግዳ ሆኖ ይገባና ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህን ለማስተዋል ከሁሉ የሚረዳው «መስከረም ሲጠባ» የተባለው ሥራ ነው፤ ሙላቱ ሁለት ጊዜ ቀርጾታልና። በመጀመሪያው ቅጂ አምስት ድምፅ ያለው የኢትዮጵያ ቅኝት በላቲን ምት ላይ ተደርቧል፤ ስፌቱም ይታያል። በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በተባለው ሸክላ ላይ እንደ ገና ሲቀረጽ ግን ስፌቱ ጠፍቷል። ከታች ያለው ምት ከቅኝቱ ጋር አብሮ ይተነፍሳል። በዚሁ ሸክላ ላይ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የሠርግ ዜማ ከሙሽራ ቤት ወጥቶ እንግዳ አገር ሲዞር እንኳ ማንነቱን አይለቅም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ይህ ጉዞ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ተበዳሪ ከያኒ ብድሩን በግልጽ ካመነ የራሱን ለማግኘት ጊዜ ያገኛል። ብድሩን የደበቀ ግን እስከ መጨረሻው ሲደብቅ ይኖራል።

ከሙላቱ ሥራ በኋላም ኢትዮጵያና የአፍሮ-ላቲን ዓለም በሌላ መንገድ ተገናኝተዋል። በ1977ና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች ሲመጡ፣ ስፓኝኛ እየተናገሩ መልካቸው የአገር ልጅ የሚመስሉ ብዙ ሰዎች በመካከላቸው ነበሩ። በጦርነቱ የወደቁት ኩባውያን በ1984 በአዲስ አበባ በቆመው በትግላችን ሐውልት ዘንድ ይታሰባሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችም በኩባ የወጣቶች ደሴት ተምረዋል። ስለዚህ «አፍሮ-ላቲን» የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ሰው ከሸክላ ሽፋን ወርዶ ፊት ያለው ሰው ሆኗል።

የሐሰት ዝምድናና የእውነት ዝምድና

እዚህ ላይ ሃያሲ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ፈተና አለ። የኩባ ሙዚቃ መሠረት የሆነው «ክላቬ» በሁለት እንጨት የሚመታ አምስት ምት ነው፤ የኢትዮጵያ ቅኝቶችም አምስት ድምፅ አላቸው። ባታ ሁለት ፊት አለው፤ በጣና ደሴቶች ገዳማት በማኅሌት ጊዜ ከጽናጽልና ከመቋሚያ ጋር የሚሰማው ከበሮም ሁለት ፊት አለው። ይህን አይቶ «አንድ ነን» ብሎ መጮኽ ቀላል ነው። ነገር ግን የምት አምስትና የድምፅ አምስት የቁጥር ግጥጥሞሽ ብቻ ናቸው። የባታ አባት የዮሩባ አገር ነው፤ የማኅሌቱ ከበሮ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ሊቃውንት አሉት። የአንዱን ታሪክ ለሌላው መስጠት ባለቤትን ከመካድ አይለይም፤ በፍቅር ስም የተደረገ ነጠቃ ነውና።

የእውነተኛው ዝምድና ቦታ ሌላ ነው። እርሱን ለማየት ከገዳሙ ወርዶ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ታንኳው መመለስ ያስፈልጋል።

በጣና ዙሪያ፣ በባሕር ዳር፣ በዓባይ መውጫ፣ በዘጌና በጎርጎራ አካባቢ የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ከጥንት ጀምሮ ኑሮአቸው ከውኃው ጋር የተሳሰረ ሕዝብ ናቸው። ጉማሬ አዳኞች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ከደንገል ቅርጫት ሠሪዎችና ከሁሉም በላይ የታንኳ ባለሙያዎች ነበሩ። እምነታቸው እስልምና ነው። ይሁን እንጂ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በመባላቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤታቸው ማዕዱን ሲለይባቸው ኖሯል፤ የነገዳቸው ስም ለስድብ የዋለበት ጊዜም ረዥም ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት በዚያ ሲያልፍ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ጽፏል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጡት ተመራማሪዎች ግን ከአማርኛ በቀር ሲናገሩ አላገኟቸውም። አንድ ቋንቋ በሐይቁ ዳር ድምፁ ሳይሰማ አለፈ።

ቋንቋቸው የጠፋ ሕዝብ የእጅ ሥራቸው ስለ እነርሱ ይናገራል። ታንኳውን እንደ አንድ የጥበብ ሥራ የተመለከተው ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ነገር፣ ታንኳው ውኃን የማይከለክል መሆኑን ነው። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃውን ወደ ውስጥ አላስገባም በማለቱ ነው። የደንገል ታንኳ ግን ውኃው በነዶዎቹ መካከል ገብቶ ይወጣል፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። ነዶዎቹ ተመርጠው፣ ደርቀው፣ ተደራርበው ይታሰራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀሰራል። እንዲህ ሆኖ ከዘጌ ማገዶና ሸቀጥ ጭኖ እስከ ባሕር ዳር ገበያ ድረስ ሲመላለስ ኖሯል። ሁለተኛው የሚያስተውለው ነገር ደግሞ ዕድሜው ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ መሥራት ግድ ነው። ስለዚህ በጣና ላይ አንድም ጥንታዊ ታንኳ የለም። ጥንታዊው እጅ ነው።

ከአፍሮ-ላቲን ሕዝቦች ኪነት ጋር ያለው እውነተኛ ዝምድናም እዚህ ላይ ይገኛል። ምት ከተመታ በኋላ አየር ላይ ይጠፋል፤ ነገ እንዲሰማ የሚመታው ሰው መኖር አለበት። ታንኳም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ዕቃ ሆነው የሚቀመጡ ቅርሶች ሳይሆኑ በሰው ውስጥ የሚኖሩ ቅርሶች ናቸው። የድንጋይ ሐውልት ሠሪው ቢረሳም ሐውልቱ ይቆማል። ታንኳ ግን ሠሪው ሲረሳ፣ ሲገፋና ሙያውን ሲተው በአንድ ዓመት ውስጥ አብሮት ይሞታል። እንግዲህ የባለሙያውን ስም መጥራት የትሕትና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቅርሱ ሕልውና የተንጠለጠለበት ነገር ነው።

ስም መጥራትና ከስም በላይ

ይህን ሐሳብ የሚቃወም አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሥነ ጥበብ ድንበር የለውም፣ ሠዓሊ ያየውን ውበት ለመሳል ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ዘፋኝም የሰማውን ዜማ ያዜማል ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በአራት ግድግዳ ውስጥ የተዘጋ ጥበብ አይለመልምም፤ አፍሮ-ላቲን ሙዚቃ ራሱ የአፍሪካ፣ የስፔንና የነባሩ አሜሪካዊ ቅልቅል ነው። ነገር ግን የሙላቱ ሥራ ለዚህ ክርክር መልስ ይሰጣል። እርሱ ፈቃድ አልጠየቀም፣ ራሱንም አላሰረም፤ ያደረገው ስም መጥራት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ሥራውን አላጠበበውም። ነጻነትና ምስጋና እርስ በርስ አይጣሉም።

ስም መጥራት ብቻውንም አይበቃም። ሜክሲኮ የአፍሪካ ተወላጅ ዜጎቿን በሕገ መንግሥቷ ያወቀችው በ2019 ነው። በ2020 በሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማንነታቸው ስትጠይቃቸው ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች «እኛ ነን» አሉ። ከዚያ በፊትም እነዚህ ሰዎች በአገሩ ነበሩ፤ ይዘፍኑና ይጨፍሩም ነበር። የጠየቃቸው ግን አልነበረም። በኮሎምቢያ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የመሠረቱት የሳን ባሲሊዮ ዴ ፓሌንኬ መንደር ከስፓኝኛና ከባንቱ ቋንቋዎች የተገኘ የራሱን ቋንቋ እስከ ዛሬ ይናገራል፤ በ2005 ዩኔስኮ ባህሉን የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ብሎታል። ፓሌንኬ ቋንቋዋን ያቆየችው የምትኖርበት መሬት ስለ ነበራት ነው። ይህ ንጽጽር ለጣና ዳር መራራ ትምህርት አለው። ቋንቋም ሆነ ሙያ የሚቆመው ባለቤቱ የሚቆምበት ቦታ ሲኖረው ነው።

ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ሆኖም በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እንቦጭ ብዙ ዳርቻ ሸፍኗል፤ ደንገሉም ውኃው ሲሸሽ በሚታረሰው እርሻና በከተማው መስፋፋት ምክንያት ሳስቷል። የሐይቁ ዳር ዋጋው በጨመረ ቁጥር በዳሩ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የኖረው ሰው ቦታው ይጠብበታል። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፤ ከዳርቻው የተነሣ ባለሙያም ደንገል አያገኝም። ያን ጊዜ የሚቀረው የግድግዳው ሥዕል ብቻ ይሆናል፤ ፊት የሌለው ቀዛፊ የሌለ ታንኳ ሲቀዝፍ።

ኪነት እርሻን ሊያቆም፣ እንቦጭን ሊነቅል አይችልም። በገዛ ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ግን አለ። ሠዓሊው ፀሐይዋን ከቀዛፊው ኋላ ወደ ፊቱ ሊያዞራት፣ ነዶ የሚያስሩትን እጆች ሊስል ይችላል። ታንኳን ለጌጥ ወደ መድረክ የሚያወጣ የኪነት ቡድን ታንኳውን የሠራውን ሰው ስም በዝግጅቱ መግለጫ ላይ ሊያሰፍር፣ ከዚያም አልፎ ባለሙያውን ራሱን ወደ መድረኩ ሊጋብዝ ይችላል። ቤተ መዘክርም የደረቀ ታንኳ በገመድ ከልሎ ከማቆም ይልቅ በየዓመቱ አዲስ ታንኳ በሕዝብ ፊት እንዲታሰር ቢያደርግ፣ የታንኳውን እውነተኛ ጠባይ ያስረዳል። በገበያ የሚሸጠው ትንሹ የደንገል ታንኳም «የባሕር ዳር ማስታወሻ» ከሚለው ጽሑፍ ጎን የሠሪውን ስም ቢይዝ አይከብደውም።

በ1966 በአንድ ሸክላ ሽፋን ላይ የተጻፈች «አፍሮ» የምትል አንዲት ቃል የባርነትን ዘመን አልሻረችም፤ ለአርሴኒዮ ሮድሪጌዝም ሀብት አላመጣችለትም። ነገር ግን ሸክላውን ያነሣ ሰው ሁሉ ምቱ ባለቤት እንዳለው እንዲያውቅ አድርጋለች። ለጣና ታንኳም ይህን ያህል ማድረግ አያዳግትም። በሐይቁ ማዶ ለዓለም የተላከው ደንገል ያለ ስም ሄዷል፤ ገና በዳርቻው የቆመው ደንገል ግን ባለቤቱ አጠገቡ ነው፤ ቢጠሩትም ይሰማል።